ስምንት ሰዓት ላይ የሚጠፋው ስልክ

ሰው ስለ ራሱ ማውራት አይወድም ይባላል። እኔ እወዳለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ማንም ሳያስተምረው ስልክ ፈትቶ የገጠመ ማነው ብላችሁ ከከዚራ እስከ መጋላ የድሮ ሰዎችን ብትጠይቁ «ሽቦ ነዋ!» ይሏችኋል። ሽቦ እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሌላ ነው፤ ድሬ ግን እናት ባወጣችው ስም አትገዛም፣ የራሷን ታወጣለች። የዛሬው ወሬዬ በዚህ ሁሉ ችሎታዬ አንድ ሰው ላስፈጅ ስል ለጥቂት የተረፍኩበት ነው። አልቸኩልም፣ እናንተም አትቸኩሉ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ጸጉሬም ሙሉ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር፤ ሥራው ከመልካ ጀብዱ በኩል ካለ ጉድጓድ ውሃ በፓምፕ እየሳቡ ሳቢያን ወዳለ ታንከር መላክ ነው። የተቀጠርኩት በተላላኪነት ነው። አንድ ቀን የቢሮው ስልክ ዝም አለ፤ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። ባለሙያው እስኪመጣ እኔ በካቻቢቴ ከፈትኩት፣ አቧራውን እፍ አልኩት፣ የላላውን አጠበቅኩት፣ ዘጋሁት። ባለሙያው ሲደርስ ስልኩ ደህና ሆኖ ጠበቀው። የውሎ አበሉን በልቶ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስልክ ኃላፊ ተባልኩ፤ ደመወዙ የተላላኪ እንደሆነ ቀረ።

የእኛ ስልክ እንደ ዛሬው አይደለም። በእንጨት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ አንድ የብረት ሽቦ ብቻ ነው፤ መመለሻው መሬት ነው። ጎኑ ላይ ማዞሪያ አለው፣ ስታዞረው በሽቦው ላይ ያሉት ስልኮች ይጮኻሉ። አንድ ጩኸት ለሳቢያን፣ ሁለት ጩኸት ለፓምፕ፣ ሦስት ለእኛ። ሳቢያን ታንከሩ ሥር የምትቀመጠው እትዬ ዘነቡ ነች፤ የጡረተኛ ፍሬናቶር፣ ማለትም የባቡር ፍሬን ያዥ ሚስት፣ ከባሏም ከፍሬኑም የጠነከረች ሴት። ፓምፑ ጋ ያለው ኦቦ ሙሜ ነው። ያ የፓምፕ ሞተር ከሙሜ እጅ ውጭ ለማንም አይነሳም፤ አንዳንዴ በኦሮምኛ ይሰድበዋል፣ ያን ጊዜ ይነሳል።

ታንከሩ ሲሞላ እትዬ ዘነቡ ለእኛ ትደውላለች፤ እኛ ለሙሜ ደውለን «አጥፋ» እንላለን። እሷ በቀጥታ ለሙሜ ብትደውል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን ደንቡ ትዕዛዝ ከዋናው ቢሮ ብቻ ይወጣል ይላል። ትዕዛዙ የሚወጣበት ስልክ ጋ የምቀመጠው ደግሞ እኔ ነኝ። በዚህ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

በዚያ ሰሞን የአብዮት በዓል ደርሶ ከተማው ሁሉ በመፈክር ተሸፍኗል። የእኛም መሥሪያ ቤት ከሳቢያን ወደ መልካ ጀብዱ በሚያወጣው መንገድ ላይ «በአንድ ድምፅ ወደ ፊት!» የሚል ቀይ ጨርቅ ሰቅሏል። ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ብሎ የተሰቀለው እሱ ነው። ማን ሰቀለው? ያለ መሰላል ምሰሶ ላይ የሚወጣ ከእኔ ሌላ ማን ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ታዬ ከታች ሆኖ «ከፍ አድርገው፣ ትንሽ ከፍ» እያለ አሰቀለኝ፤ ስወርድ ትከሻዬን መትቶ አመስግኖኛል።

ከዚያ በአሥረኛው ቀን ገደማ፣ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እትዬ ዘነቡ ደወለች። ድምፅዋ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሆኖ «ሞልቷል» አለችኝ። ለሙሜ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። መልስ የለም። ደግሜ ደወልኩ። የለም። ማክሰኞም ሰኞም በስምንት ሰዓቱ የፍተሻ ጥሪ እንደዚሁ ዝም ብሎኝ ነበር፤ ግን በእነዚያ ቀናት ታንከሩ ሳይሞላ ናፍጣ አልቆበት ሞተሩ በራሱ ጠፋ። የጥሪ መዝገቡን ከፈትኩና እንደ ሰኞና እንደ ማክሰኞ ጻፍኩ፦ «ሙሜ አልመለሰም።» ጽሕፈቴ ያምራል። ከዚያ የጫት በርጫ ነበረብኝና ወጣሁ።

ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ። ከታንከሩ ቁልቁል ያለው የቀበሌው መደብር ነው። መደብሩ ውስጥ ለበዓሉ የመጣ ስኳር ነበር። ስኳርና ውሃ ሲገናኙ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ሳቢያን ለሁለት ቀን ንብ ብቻ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ጓድ ታዬ የጥሪ መዝገቡን አስመጣ። ክፉ ሰው አልነበረም ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ቀጥ ያለ ሰው ነበር፣ እንደ ማስመሪያ። ሦስቱን መስመር አነበበ። «ሙሜ አልመለሰም። ሙሜ አልመለሰም። ሙሜ አልመለሰም። ይህ የማን ጽሕፈት ነው?» አለኝ። «የእኔ ነው» አልኩ፣ በኩራት። «ጥሩ ማስረጃ ነው» አለ። ኩራቴ እዚያው ላይ ትንሽ ቆመ። ምክንያቱም በዚያ ጊዜ በስኳር ላይ የደረሰ ነገር ጥፋት አይባልም፣ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው የሚባለው። ለአሻጥር ደግሞ አንዲት ግራጫ ላንድሮቨር ነበረች። እሷ ላይ የወጣ እንጂ ከእሷ የወረደ ሰው አላየሁም።

ዓርብ ጠዋት ጓድ ታዬና እኔ መልካ ጀብዱ ሄድን። ሙሜ ሽርጡን ታጥቆ፣ ሽበቱን በሂና አቅልቶ፣ ሞተሩን በዘይት ጨርቅ ይወለውላል። «አካም ቡልቴ፣ ሽቦ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ እያለ ሳቀልኝ። ጓድ ታዬ ሰላምታ ሳይሰጥ ስልኩን እንድሞክር አዘዘኝ። አዞርኩት። ቢሮ ያለችው ታይፒስት ወዲያው አነሳች፤ ድምፅዋ አጠገቤ የቆመች ያህል ነው።

ጓድ ታዬ ወደ ሙሜ ዞረ። «ከሰዓት በኋላ ምን ትሠራለህ?»

«ሞተር እጠብቃለሁ።»

«ጫት ትቅማለህ?»

«ጓድ፣ እዚህ አገር ያለ ጫት ሞተርም አይነሳ» አለ ሙሜ። እኔ ልስቅ ብዬ የጓድ ታዬን ፊት አየሁና ሳቄን ዋጥኩት። ጓድ ታዬ ግድግዳው ሥር የወደቀውን የጫት ገራባ በጫማው ገፋ አድርጎ አየው፣ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ወደ መኪናው ስንሄድ ሙሜ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ከሰዓት ምን ሆናችኋል እናንተ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሙቀቱ ነው፣ ኦቦ ሙሜ» ብዬ ተሳፈርኩ። ሰው ሲጠይቃችሁ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።

በመንገድ ጓድ ታዬ «ስልኩ ይሠራል። የማይሠራው ሰውየው ነው» አለ። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ስብሰባ ተጠራ። ውሳኔው እንዳለቀ ላንድሮቨሯ ሄዳ ታመጣዋለች፤ እስከዚያ ሞተሩን የሚያስነሳ ሌላ ስለሌለ በሥራው ላይ ይቆይ ተባለ። ሊታሰር ያለ ሰው ውሃ እየላከልን ነው ማለት ነው።

ያን ዕለት፣ ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮ ብቻዬን ነበርኩ። ድሬ በስምንት ሰዓት እንዴት እንደሆነች ለማታውቁ ልንገራችሁ። ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስም። ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ብቻ መንገዱን ይዛ ትሄዳለች። እኔም መሄጃዬ በርጫ ነበር። ግን ከመውጣቴ በፊት እንዲያው ማዞሪያውን ያዝኩ። አዞርኩት። ከበደኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ችሎታዬን ላሳያችሁ ነው። ማዞሪያው ጤነኛ ሽቦ ላይ የራሱ ክብደት አለው። ሽቦው ከተቆረጠ ማዞሪያው ላባ ይሆናል፣ ይሽከረከራል። ሽቦው የሆነ ቦታ መሬት ከነካ ግን ጭቃ ውስጥ እንደምታዞሩ ይከብዳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ እጄ ነው ያወቀው። ረቡዕም ማክሰኞም ሰኞም ከብዶኝ ነበር፤ እጄ አውቆ እኔ ወደ በርጫ ስቸኩል አልሰማሁትም።

ለሳቢያን አንድ ጊዜ ደወልኩ። እትዬ ዘነቡ ከሩቅ አነሳች። እሷ ጋ ሽቦውን ወደ መልካ ጀብዱ የሚያሳልፍ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ ቢላዋ እንለዋለን። «እትዬ፣ ቢላዋውን ክፈቺና ድምፄን ስሚ» አልኳት። ስትከፍተው ድምፅዋ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። አዞርኩ፣ ቀለለ። «ዝጊው።» አዞርኩ፣ ከበደ። ሦስት ጊዜ አስከፍቼ ሦስት ጊዜ አዘጋኋት። በአራተኛው «እኔ በር ነኝ እንዴ?» አለችና ተወችው።

ይበቃኝ ነበር። ከእኛ እስከ ሳቢያን ያለው ደህና ነው። ችግሩ ከሳቢያን ወዲያ ነው። ሙሜ አልመለሰም አይደለም፤ ደወሉ አልደረሰውም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሜ ስደውል ማዞሪያው ቀሎ ሙሜ «አለሁ» አለኝ። ነገሩ ከሰዓት መጥቶ ሲመሽ ይሄዳል ማለት ነው። በጠዋት ማንም ቢሄድ ጤነኛ ሽቦ ነው የሚያየው፤ ከሰዓት ደግሞ ድሬ ውስጥ የሚሄድ የለም።

ለጓድ ታዬ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝና «ማዞሪያ ከበደኝ የሚል ማስረጃ ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም። ከብዶ የሚታይ ነገር አምጣ» አለኝ። ትክክሉን ነው።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ መስመር የምንፈትሽበትን ባለማንገቻ ስልክ ትከሻዬ ላይ፣ አንድ ረጅም እንጨትና አንድ የብረት ዘንግ እጄ ላይ፣ ውሃ በኮዳ ይዤ ወጣሁ። ከበርጫ ቤቱ መስኮት ጓደኞቼ አዩኝ። «ዋሪያ ሽቦ! ፀሐይ መታህ?» አለኝ አንዱ። ሌላው «ተዉት፣ ቀድሞ ነው የመታችው» አለ። የቅዳሜ በርጫዬን ትቼ ሄድኩ። ለዚህ አገር ከዚህ የበለጠ መሥዋዕትነት ከፈልኩ የሚል ካለ ይምጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምሰሶ ሥር ዘንጉን መሬት ውስጥ እሰካለሁ፣ ከስልኬ የወጣውን ሽቦ በእንጨቱ አንስቼ መስመሩ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ አዞራለሁ። ሽቦው መሬት ወደነካበት በቀረብኩ ቁጥር ይከብዳል፣ ስርቅ ይቀላል። መሬቱ ግን ደርቆ ዘንጉን አይቀበለውም፤ ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። የምጠጣውን ውሃ ለመሬቱ አጠጣሁት። ከእትዬ ዘነቡ ጀምሬ ወደ መልካ ጀብዱ፣ አምስተኛው ምሰሶ ላይ ከበደኝ። አሥረኛው ላይ ቀለለኝ። አልፌዋለሁ። ተመለስኩ። ስምንተኛው ላይ ከአሥረኛው ከበድ አለ። ሰባተኛው ላይ ማዞሪያው እንቢ አለኝ፤ በሁለት እጄ ነው ያዞርኩት።

ቀና አልኩ። ጥላ ውስጥ ነበርኩ፤ በስምንት ሰዓት ድሬ ውስጥ ጥላ መኖሩ ቀድሞ ሊገርመኝ ይገባ ነበር። ከላዬ ቀዩ ጨርቅ ነው።

ጨርቁን የያዘው ወፍራም ሽቦ አንድ ጫፉ በእኛ ምሰሶ፣ ሌላ ጫፉ ከመንገዱ ማዶ በብረት ምሰሶ ላይ ነው። ስሰቅለው ጥብቅ ነበር። በአሥር ቀን ላላ። የከሰዓቱ ነፋስ ሲመጣ ጨርቁ እንደ ሸራ ይነፋና ሽቦውን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ተነስቶ የስልኩን ሽቦ ይነካል፤ ድምፃችን በብረት ምሰሶው በኩል መሬት ይገባል። «በአንድ ድምፅ ወደ ፊት!» እያለ ድምፁን ሁሉ ቁልቁል ይልከዋል። ቋጠሮውን አየሁት። ማንም ሊሳሳተው አይችልም፣ የእኔ ቋጠሮ ነው፣ ቆንጆ ነው።

ምሰሶው ሥር ተቀመጥኩ። ውሃ የለኝም። ሁለት መንገድ አለኝ። አንደኛው ወጥቼ ማጥበቅና ዝም ማለት ነው፤ ስልኩ ይሠራል፣ ማንም አያውቅም፣ አሥር ሰዓት ላይ መዝገቡ ይነበባል፣ ላንድሮቨሯ ትሄዳለች። ሁለተኛው መናገር ነው። ከተናገርኩ «ማን አሰረው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በበዓል ሰሞን፣ መፈክር አውርዶ፣ መፈክር አሻጥር ሠራ የሚል ሰው እኔ ልሆን ነው። ደረቴ ላይ የነበረው ነፋስ ሁሉ ወጣ።

ወደ እትዬ ዘነቡ ተመልሼ ነገርኳት። ውሃ ሰጠችኝ። ሙሉውን ሰማችና «አንተ ጎበዝ አሳሪ ነኝ ብለህ ለሰፈሩ ሁሉ አውርተሃል። ዛሬ የት ሄደ ያ አፍህ?» አለችኝ። «ሙሜ እኮ በየወሩ መጨረሻ ለልጆቼ የዘይቱን ፍሬ የሚልክ ሰው ነው» ብላ ፓፓያ የምታወርድበትን ረጅም እንጨት አነሳች። «እኔ ምሰሶው ሥር እቆማለሁ። ስትደውል ልጄ ስልኩን አንስታ ሮጣ ትነግረኛለች። የጨርቁን ሽቦ ከስልኩ ሽቦ በዚህ እንጨት አላቅቄ እይዛለሁ። ሌላውን አንተ ተናገር።»

አሥር ሰዓት። ኮሚቴው ተቀምጧል፣ ላንድሮቨሯ ግቢው ውስጥ አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙራ ቆማለች። ነፋሱ መስኮቱን ያንኳኳል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልቆመም። ጓድ ታዬ መዝገቡን አነበበ። ሦስቱም መስመር እንደ ምስማር ይገባሉ። ከዚያ «ጓድ ሽቦ ማስረጃ አለኝ ይላል» አለ።

ብዙ አላወራሁም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አመጣሁና ጓድ ታዬን እንዲያዞረው ጠየቅኩት። አዞረ። «ከባድ ነው» አለ። ለሙሜ ሁለት ጊዜ ደወለ። ዝም። የኮሚቴው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «እየቃመ ነው» አለ።

ለሳቢያን አንድ ጊዜ ደወልኩ፣ «አሁን» አልኩ። ልጅቷ ሮጣ እናቷ ጋ እስክትደርስ ሦስት ደቂቃ ያህል ጠበቅን። በዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ሰማይ ቤት ደርሼ ተመልሻለሁ። «አሁን ያዙሩት፣ ጓድ» አልኩ።

አዞረው። ቀለለ። ፊቱ ላይ አየሁት፤ እጁ ነገረው። ሁለተኛውን ጩኸት ሳይጨርስ ከወዲያ ተነሳ፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፦ «አለሁ!»

ጓድ ታዬ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። ሙሜ ከወዲያ «አለሁ፣ ማነው? ሞላ እንዴ?» ይላል። መልስ የሚሰጠው ስላጣ «ኧረ አቦ ተናገሩ» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽቦውን፣ ነፋሱን፣ ጨርቁን። ጓድ ታዬ ቀስ ብሎ «ማን አሰረው?» አለ።

«እኔ።»

አንድ የኮሚቴ አባል፣ ሽማግሌ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ምንም ክፋት ሳያስብ «ከፍ አድርገው ያለውስ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም። ሁላችንም መስመሩ ደህና እንደሆነ ግን እናውቃለን።

ጓድ ታዬ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መለሰ። ከዚያ ጸሐፊውን እንዲህ አስጻፈው፤ ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ፦ «በስኳሩ ላይ ለደረሰው ጉዳት ምክንያቱ ነፋስ ሆኖ ስለተገኘ፣ የነፋሱ ጉዳይ ለሚመለከተው ክፍል እንዲተላለፍ።» በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ላንድሮቨሯ ሄዳ የበዓል በግ አመጣች። እኔ ግለ ሂስ አነበብኩ፣ ሁለት ገጽ ነበር፣ ወድጄዋለሁ። ጨርቁ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ እንዲሰቀል ተወሰነ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ወዲህ ጉራዬ ቀርቷል ብዬ አልዋሻችሁም፤ እያነበባችሁት ነው። ግን «አልመለሰም» የሚለውን ቃል ጽፌ አላውቅም። «መልስ አልደረሰኝም» ነው የምጽፈው። ሰው ዝም ሲላችሁ በመሃል ስንት ምሰሶ እንዳለ ቁጠሩ፤ የመጀመሪያውን ጠይቁ፣ ሁለተኛውን ጠይቁ፣ እየከበዳችሁ ወደሚሄደው ሂዱ። የራሳችሁ ቋጠሮ ሊሆን ይችላል።

ልጄ አሁን የኮምፒውተር መስመር ትጠግናለች። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳይ ትንሽ ነገር ትልካለች፣ ተመልሶ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ፒንግ ይባላል አለችኝ። መልስ ሲጠፋ ደግሞ መንገዱ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ታስጠራለች፣ ድምፁ የት ላይ እንደጠፋ ታያለች። «ይህን ማን ፈለሰፈው?» አልኳት። የፈረንጅ ስም ነገረችኝ። ለማንኛውም እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በፀሐይ፣ ያለ በርጫ ሠርቼዋለሁ፤ ፈረንጁ ውሃውን ለመሬት አላጠጣም። ልጄ «እሺ አባ» አለችኝ። እሺ አባ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ከስብሰባው በኋላ ሰኞ ጠዋት በአትክልት ጫኝ መኪና አንድ ደብዳቤ ለጓድ ታዬ ደረሰው። ሙሜ መጻፍ አይችልም፤ በመልካ ጀብዱ አስተማሪ ነው ያስጻፈው፣ ሐሙስ ዕለት። ጓድ ታዬ አነበበውና ለእኔ ሰጠኝ። እስከ ዛሬ አለኝ። እንዲህ ይላል፦

«ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ብደውል ብደውል ሽቦ አልመለሰም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ይመርመርልኝ።»